ከአራተኛው ጥቅል የቆረጥኩት

ባለፈው ወር ሁለቱን የፊልም ማሳያ ማሽኖች ሲያወጡ እንድገኝ ጠርተውኝ ነበር። ለምን እንደጠሩኝ እንጃ፤ መፍቻ የሚያቀብል ሰው ጠፍቶ ይሆናል። የሴንት ፖሏ ትንሽ ሲኒማ ቤታችን ተዘግታለች። ወንበሮቿ ቀደም ብለው ተነቅለው ሄደዋል፤ ፎቅ ላይ ያለችው የማሳያ ክፍል ግን በሯ ጠባብ ስለሆነ ማሽኖቹ ሳይፈታቱ አይወጡም። እኔ በጥርስ ብሩሽ ስጠርገው የኖርኩትን ብረት ሦስት ሠራተኞች በመዶሻ እየነረቱ አወረዱት። አንደኛው «ይሄ ዕቃ እስከ መጨረሻው ይሠራ ነበር?» አለኝ። «አንድ ቀን አልቀረም» አልኩት። ከዚያ ወገቤን ስለያዘኝ የሚቀመጡበት ነገር ባለመኖሩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን የትም ሲኒማ ቤት ብትሄዱ ፊልሙ በሙሉ አንድ ትልቅ ሰሐን ላይ ተጠቅልሎ በራሱ ይዞራል። አንድ ሰው አሥር አዳራሽ ይቆጣጠራል። ቁልፍ ተጭኖ ይወርድና ፈንዲሻ ይሸጣል፤ ፊልሙን ማየት አይጠበቅበትም። እኔ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ያንን ልማር አልፈለግሁም፤ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታው ትንሽ ነው፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። የምኖርበት የሚኒሶታው ብሩክሊን ፓርክ በረዶ ከቤት አያስወጣም፣ ጉልበቴም ያመኛል። ሥራህን ጻፈው ያለኝ የድሮ የቤት ተጋሪዬ በራኺ ነው። ሰዎች ስለ ሥራ ዘመናቸው ሲጽፉ ያሸነፉትን ነው የሚጽፉት። እኔ ብዙ ያሸነፍኩት ነገር ስለሌለ ያበላሸሁትን እጽፋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ የፊልም ጣሳ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ኦፕሬተር። በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል በሚዞር መኪና ክፍለ ሀገር ተልኬ፣ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥሬ ስለ ማዳበሪያ የሚያስረዳ ፊልም አሳይቻለሁ። ያንን ፊልም እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ።

የኛ አገር ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፊልሙ ላይ ሰው ጠፍቶ ሜዳ ወይም ባዶ ቤት ብቻ ከታየ መጀመሪያ ፉጨት ይነሣል፤ ቀጥሎ ወንበር ይደበደባል፤ ቀጥሎ «ኦፕሬተር፣ ተኝተሃል እንዴ?» ይመጣል። የሚሰደበው ፊልሙን የሠራው ሰው ሳይሆን እኛ ነን። ስለዚህ ማሳጠር የሥራችን አንዱ ክፍል ነበር። አዲስ ፊልም ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ እያንከባለልን እንፈትሻለን፤ ሰው የሌለበትን ረጅም ቦታ ቆርጠን ጫፍና ጫፉን በማጣበቂያ እንገጥማለን፤ ቁራጩን ሚስማር ላይ እንሰቅለዋለን። ፊልሙ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ መልሰን እናስገባለን፣ ካልረሳነው። አለቃዬ «ተመልካች ማክበር ማለት ይኼ ነው» ይሉኝ ነበር። ሃያ ዓመት እንደዚያ ስሠራ ጥፋት ነው ያለኝ ሰው የለም።

ሚኒሶታ የመጣሁት በፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በናይሮቢ በኩል ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ቀርታ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ሮቢንስዴል ውስጥ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር፤ እዚያ የአንሶላ ማጠፍ ጓደኛዬ ወይዘሮ ሂሮኮ ሆኑ። አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው አለ፤ አበላሽቶ ነው የሚያጥፈው። ትክክለኛው በሁለት ሰው ነው፦ ጫፍና ጫፍ ይዞ መወጠር፣ አንዴ ማርገፍ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ሄዶ ጫፉን ማስረከብ። በቀን መቶ ጊዜ እየተቀራረብን መቶ ጊዜ እየተራራቅን እናወራለን። ወይዘሮ ሂሮኮ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው በሃምሳዎቹ ከጃፓን የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሥራችን አምስት ደቂቃ በእግር በምታስኬድ ትንሽ ነጭ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ጎደሎ ስለነበር በደንብ ተግባባን። ባለቤቴን ለማምጣት ስለጀመርኩት ወረቀት ሁሉንም የነገርኳቸው አንሶላ እያጠፍን ነው፦ ሁለት ሥራ እንዳለኝ የሚያሳይ ደብዳቤ እንደሚያስፈልገኝ፣ ከአንዱ ሥራ ብወጣ ጉዳዩ እንደገና ከዜሮ እንደሚጀምር።

ሁለተኛው ሥራ ሲኒማ ቤቱ ነበር፤ ቅዳሜ፣ እሑድና አንዳንድ ሐሙስ። ያስገቡኝ ኤርል ናቸው። ኤርል የዚያ ማሳያ ክፍል ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ የሚኒሶታ ሰው። «ሚስተር አትበለኝ» ብለውኝ ሚስተር ማለቱን ተውኩ፤ በልቤ ግን አንቱ ማለቴን አልተውኩም፣ አሁንም አልተውም።

ስለ ኤርል ልማድ ብዙ ማለት እችላለሁ። ትዕይንቱ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። ነጭ የጥጥ ጓንታቸውን ራሳቸው ነው የሚያጥቡት፤ ፊልም ሊነኩ ሲሉ ግን አንዱን ያወልቃሉ። ፊልም የሚፈትሹት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሳለፉ ነው። የጠርዙ ቀዳዳ የተቀደደበት፣ መገጣጠሚያው የላላበት ቦታ ሲደርስ ጣታቸው ይቆማል። «ዓይን ይሰለቻል፣ ጣት አይሰለችም» ይላሉ። መብራት ከጠፋ በኋላ አይናገሩም። አንድ ፊልም በብዙ ጥቅል ተከፋፍሎ ስለሚመጣና ማሽኖቹ ሁለት ስለነበሩ አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል በሥዕሉ ላይኛው ቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ ብልጭ ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሣለህ። ሁለተኛዋ ክብ ስትመጣ ትቀይራለህ። በሁለቱ መካከል እስከ ስምንት መቁጠር ይቻላል። እኔ ክቧን እጠብቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ጥቅል መጨረሻ በማስታወሻ ደብተር ጽፈው «ሴትዮዋ ጃንጥላ ስታነሣ» ወይም «ውሻው ሁለተኛ ሲጮህ» ብለው ይይዙታል። ፊልሙን ሳያዩ ማሳየት ለእሳቸው ስድብ ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ ሲኒማ ቤቱ ለአንድ ሳምንት የአንድ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ሥራዎችን ለማሳየት ተስማማ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ኤርል «ሽማግሌው» ስለሚሉት እኔም እንደዚያው ልበል። ቅጂዎቹ የኛ አይደሉም፤ ከባሕር ማዶ ከአንድ የፊልም ማኅደር በውሰት የመጡ፣ ሰኞ ጠዋት የሚመለሱ ናቸው። ኤርል ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ሙሉ ደስ ብሏቸው ነበር፤ በእሳቸው ልክ፣ ማለት ሁለት ጊዜ ሳቁ። ስለ ሰውየው አሠራር ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦ «ካሜራው ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁመት ላይ ነው። አይንቀሳቀስም። ሌላው ዳይሬክተር ሰው ከክፍል ሲወጣ ተከትሎት ይወጣል። ሽማግሌው ከክፍሉ ጋር ይቀራል።»

«ቀርቶ ምን ያሳያል?» አልኳቸው።

«ክፍሉን» አሉ።

እኔ በልቤ ይህ ሰውዬ አዲስ አበባ ቢመጣ ወንበሩን ሁሉ ይጨርሱበታል አልኩ።

ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ሂሮኮ ስነግራቸው አንሶላውን ይዘው ቆሙ። የትኞቹ ፊልሞች እንደሚመጡ ጠየቁኝና በኪሴ የነበረችውን ማስታወቂያ አሳየኋቸው። በጣታቸው አንዷን ነኩ፤ የእሑድ ከሰዓቷን።

«ይህን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አሉ። «አባቴ እዚህ ውስጥ አለ።»

«ተዋናይ ነበሩ?»

«አናጢ።»

የአባታቸው አንድም ፎቶግራፍ እንደሌላቸው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ቤታቸው በጦርነቱ ጊዜ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ሄዷል፤ አባትዬውም ፊልሙ በወጣ በዓመቱ አረፉ። ቀጥለው ስለ ልጃቸው አወሩኝ። ኬረን ፕሊማውዝ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። እናቷ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ምድጃ ላይ ድስት ረስተው ስላሳረሩ ቤቱ ተሽጦ እሷ አቅራቢያ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እንዲገቡ ትፈልጋለች። ቤቱ በሁለቱም ስም ስለነበር ያለ እናቷ ፈቃድ አትሸጠውም፤ እናቷ ደግሞ እንቢ ብለዋል።

«ድስቱን አሳርሬያለሁ፣ አልክድም» አሉ ወይዘሮ ሂሮኮ። «ኬረን ግን አሁን የምነግራትን ሁሉ የምትሰማው ድስት ያሳረረች ሴት ወሬ አድርጋ ነው። አባቴን ፊልም ላይ አይቼዋለሁ ስላት ጭንቅላቴን ትዳብሰኛለች። እሑድ አብራኝ ትመጣለች። እሱን ካየች አእምሮዬ በቦታው እንዳለ ታምናለች፤ ካላየች ግን እሷ ባለችው እሄዳለሁ ብያታለሁ።»

«የቱ ጋ ነው ያሉት?»

«ታየዋለህ» ብለው ሳቁና አንሶላውን አስረከቡኝ።

«የማሳየው እኔ ነኝ፤ አያስቡ» አልኳቸው።

ፊልሞቹ በሚታዩበት ሳምንት ኤርል የዓይን ሞራ ለማስወገድ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራቸውና ማሽኖቹን ለእኔ ትተው ሄዱ። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያውን ፊልም ብቻዬን አሳየሁ። ሦስተኛው ጥቅል ላይ አንድ ባዶ ኮሪደር መጥቶ አልሄድ አለ። ያኔ የአዳራሹ በር ተከፈተ፤ ብርሃን ገባ። እንደገና ተከፈተ። በማሳያዋ ቀዳዳ ቁልቁል እያየሁ የወጡትን ስቆጥር አሥራ አንድ ደረስኩ። እዚህ አገር ሰው አያፏጭም፤ ኮቱን ይዞ ነው የሚወጣው፣ እሱ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል። ወይዘሮ ሂሮኮ እሑድ ልጃቸውን ይዘው ተቀምጠው ሰው በዙሪያቸው እየተነሣ ሲሄድ ታየኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የእሑዱን ፊልም ጣሳ ከፈትኩ። ታሪኩ ልትዳር ስላለች አንዲት ልጅና ስለ ቤተሰቧ ነው። ውስጡ ደግሞ አንድ አናጢ አለ፤ ጣራ የሚጠግን፣ እየሠራ የሚያንጎራጉር፣ ቆንጆ ሽማግሌ። የወይዘሮ ሂሮኮ አባት እሳቸው ናቸው አልኩ። እሳቸው ያሉበትን ቦታ ሁሉ በለስላሳ ጨርቅ ክንድ በክንድ ጠረግሁት፤ አንድ አቧራ አላስቀረሁም። ከዚያ አራተኛው ጥቅል ላይ ደረስኩ። ልጅቷ ማራገቢያዋን ወለሉ ላይ ጥላ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ብቻ ነው። ምንጣፍ፣ ማራገቢያ፣ ግማሽ ክፍት የሆነ ተንሸራታች በር። ከመብራቱ በላይ እያንከባለልኩ አያለሁ፤ ያው ሥዕል፣ ያው ሥዕል፣ ያው ሥዕል። ጥቅሉ ላይ ካሉት ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ሳላየው አላለፍኩም፤ ግን ሰው ፈልጌ ነው ያየሁት፣ ሰው ደግሞ አልነበረበትም።

ቆረጥኩት። ከሌሎች ጥቅሎችም ሁለት አጠር ያሉ ባዶ ቦታዎች አወጣሁ። ኤርል ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ነው የሚገጥሙት፤ እኔ እጄ የለመደውን ማጣበቂያ ተጠቀምኩ። ቁራጮቹን ጠቅልዬ ሚስማር ላይ ሰቀልኳቸው፤ እሑድ ከትዕይንቱ በኋላ ላስገባቸው። ለእሳቸው ብዬ ያደረግሁት መልካም ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሳፏጭ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ግማሽ ሞላ። አንድም ሰው አልወጣም። አናጢው ጣራ ላይ ሲያንጎራጉር ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ላይ ሆኜ ሳቅሁ። አራተኛው ጥቅል ላይ መገጣጠሚያዬ በማሽኑ ሲያልፍ ድምፁ ጠቅ አለ፣ ልጅቷ ከክፍል ወጥታ ወዲያው ባቡር ውስጥ ተገኘች። ቀጥ ያለ ሥራ ነው አልኩ ለራሴ። ሲያልቅ መብራቱን አብርቼ እየሮጥኩ ወረድኩ።

ወይዘሮ ሂሮኮ ትኬት መሸጫው አጠገብ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ቆመዋል። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። «እኚያ ጣራ ላይ ያሉት አባትዎ ናቸው አይደል?» አልኳቸው።

«እሱ ተዋናይ ነው» አሉ። «አባቴ በሩን የሚዘጋው ነው። ክፍሉ ባዶ ይሆንና በሩ ይዘጋል። ጣቶቹ ይታያሉ።»

«እማዬ፣ እንደዚህ ያለ ነገር አልነበረም» አለች ኬረን፤ ክፉ አነጋገር አልነበረም፣ የደከማት ሰው አነጋገር ነው። «ምናልባት ሌላ ፊልም ይሆናል።»

«ሌላ አይደለም። አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ኬረን ወደ እኔ ዞረች። «ፊልሙን የምታሳየው አንተ ነህ። እናቴ የምትለው ቦታ አለ?»

ቁራጩ ፎቅ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አዎ ካልኩ የሰው ንብረት በመቀስ የነካሁ ኦፕሬተር ነኝ፣ ከዚያ ሥራ የሚያስወጣው ይህ ብቻ ነው። የባለቤቴ ወረቀት ትዝ አለኝ። ይህን ሁሉ ለማሰብ አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም።

«የመጣልንን ነው ያሳየሁት» አልኩ።

ወይዘሮ ሂሮኮ ፊቴን አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን ከታች ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ ቆለፉ። «እንግዲያው ተሳስቻለሁ» አሉ ለልጃቸው። ወጡ።

ወደ ላይ ወጥቼ ቁራጩን ጠረጴዛው መብራት ላይ ዘረጋሁት። በዚህ ጊዜ ያየሁት ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። በሩ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ ሊዘጋ አንድ መዳፍ ሲቀረው ይቆማል። ጠርዙ ላይ አራት ጣቶች አሉ፤ ጥቃቅን፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ። ማጉያ መነጽር አምጥቼ አየሁ። የቀለበት ጣቱ ጫፍ ከነጥፍሩ የለም፤ መጋዝ የወሰደው መሆን አለበት። ጣቶቹ እንዳሉ ትዕይንቱ ያበቃል።

ሦስቱንም ቁራጮች በየቦታቸው መለስኳቸው። በማጣበቂያ የተገጠመ ፊልም ሲፈታ ጫፉ ይበላሻል፤ ከየጫፉ አንድ አንድ ፍሬም፣ ማለት አንዲት ነጠላ ሥዕል፣ ይሠዋል። እጁ ያለበት የመጨረሻው ፍሬም እንደዚያ ቀረ። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ናት። መጣል ስላልቻልኩ ፖስታ ውስጥ ከተትኳት። ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪናው መጥቶ ጣሳዎቹን ወሰደ፤ በመዝገቡ ላይ «ምንም ጉድለት የለም» ብዬ ፈረምኩ።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ወይዘሮ ሂሮኮ እንደ ወትሮው ነበሩ፤ ስለ ፊልሙ አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። አንሶላውን ይዘን በተቀራረብን ቁጥር አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ጫፉን አስረክቤ እመለሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ መልቀቃቸውን ነገሩን፤ ፕሊማውዝ ሊገቡ ነው። ሴቶቹ ኬክ ገዙላቸው። ኬኩን በላሁ።

በአራተኛው ሳምንት ኤርል በቀኝ ዓይናቸው ላይ ፕላስቲክ መሸፈኛ አድርገው ሲመለሱ ደብዳቤ በእጃቸው ነበር። ማኅደሩ ቅጂውን ሲፈትሽ አዲስ መገጣጠሚያዎችና የጎደሉ ፍሬሞች አግኝቷል።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አገር ቤት እንዴት እንደምንሠራ፣ አሥራ አንዱን ሰዎች፣ ሴትዮዋን። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

«ያ ባዶ ያልከው ክፍል የሰው ቤት ነው» አሉ። «ከጦርነቱ በኋላ ከተማው ተቃጥሎ ነበር። ሽማግሌው ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ሰዎች እየጠየቀ፣ ክፍሉ ስንት ምንጣፍ እንደሚይዝ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ በእርሳስ እያስሣለ፣ አናጢዎቹን ያንኑ ክፍል ያሠራቸው ነበር። ተዋናዮቹ ወጥተው ካሜራው የሚቀረው ባለቤቶቹ እንዲያዩት ነው። ያ አገር ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባው ግማሹ ለታሪኩ፣ ግማሹ ቤቱን ለማየት ነበር። ውጭ አገር ደግሞ ይህን ሳያውቁ ቀርፋፋ ነው አሉት።»

እኛም ዘንድ ለቀስተኛው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው ይቀራል፤ አይናገርም፣ ምንም አይሠራም፣ የሟቹን ወንበር እያየ ይቀመጣል። ማንም ተነሥ አይለውም። ይህን እያወቅሁ ነው ሃያ ዓመት ስቆርጥ የኖርኩት።

ኤርል ለማኅደሩ መልስ ጻፉ። «የማሳያ ክፍሉ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» ብለው ፈረሙ፤ ስሜ አልተነሣም። ፖስታውን ከዘጉ በኋላ ባንዱ ዓይናቸው አዩኝ።

«ፊልሙን መልሰህ አስተካክለሃል» አሉ። «ሴትዮዋንስ?»

ማታ እራት ላይ ለበራኺ ነገርኩት። በራኺ አስመራ ተወልዶ አማርኛ የተማረ፣ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሰውን ሁሉ በትግርኛ «ወዲ»፣ አንተ ልጅ፣ እያለ ምክር የማይቆጥብ ሰው ነው።

«ወዲ፣ አንተማ ፈርተህ ነው» አለኝ። «ኮል እንዳታደርግ፣ በስልክ አይሆንም። ሄደህ ፌስ ቱ ፌስ አፖሎጃይዝ አድርግ። ሳተርደይ ኦፍ ነኝ፣ እኔ ድራይቭ አደርግሃለሁ።»

«ሥራዬን ባጣስ?»

«አለቃህ እኮ ኮቨር አድርገውሃል። አሁን ማን ቀረህ? እሷ ናት።»

ቅዳሜ ጠዋት ፕሊማውዝ ደረስን፤ በራኺ መኪናው ውስጥ ቀረ። የወይዘሮ ሂሮኮ አዲስ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የመኪና ማቆሚያ የሚያሳይ መስኮት። ኬረን ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅላለች። ፖስታውን ከኪሴ አወጣሁና ቆሜ እንዳለሁ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መቁረጤን፣ ለምን እንደቆረጥኩ፣ ከዚያም መዋሸቴን።

ወይዘሮ ሂሮኮ ፍሬሟን በጣታቸው ጫፍ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

«አውቄ ነበር» አሉ። «ማራገቢያው ወለሉ ላይ ቀረ፣ ከዚያ ጠቅ አለና ባቡር መጣ። ቀጥሎ የአንተን ፊት አየሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ባለቤትህ ልትመጣ ነው። ከዚያ ሥራ ብትወጣ ወረቀቷ ከዜሮ ይጀምራል ብለኸኛል። ስለዚህ ተሳስቻለሁ አልኩ።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ማታውኑ ትደውላለህ ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ጠበቅሁህ። ማክሰኞም ጠበቅሁህ። አንሶላውን ይዘህ በመጣህ ቁጥር እጠብቅህ ነበር።»

ኬረን ከወንበሩ ወርዳ ነበር። ፍሬሟን ከእናቷ እጅ ተቀብላ እሷም ወደ ብርሃኑ አነሣች። አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች፤ ከንፈሯ እየቆጠረ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ቀና ሳትል «እማዬ፣ የቤቱን ሽያጭ እኮ ሐሙስ ፈረምን» አለች።

«አዎ፣ ፈረምን» አሉ ወይዘሮ ሂሮኮ።

የሰደበኝ የለም። ኬረን ከዚያ በኋላ አላነጋገረችኝም፣ አልፈርድባትም። ወይዘሮ ሂሮኮን እስኪያርፉ ድረስ በየወሩ አንድ ቅዳሜ እየሄድኩ ጠየቅኋቸው፤ ሻይ ያፈሉልኝ ነበር፣ ስለ ፊልም ግን አላወራንም።

ባለቤቴ ከዚያ በሦስተኛው ወር መጣች። ወረቀቷ እንዴት ሳይሰናከል እንደተሳካ ስትጠይቀኝ እግዜር ረድቶን ነው አልኳት፣ ወይዘሮ ሂሮኮን አላነሣሁላትም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ እላለሁ። አሁን ከወዲያኛው ክፍል ምን እየጻፍክ ነው ትለኛለች። ስጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ እተውላትና እኔ በራኺ ቤት እሄዳለሁ፤ እሷ ስታነብ ፊቷን ማየት አልችልም።